የኮሌጅ ፉትቦል ቦውል ምርጫና የሻምፒዮና ጨዋታ ቦታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ በዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ በሚውል እሑድ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖች የመጨረሻ ጨዋታቸውን የትና ከማን ጋር እንደሚያደርጉ ይታወቃል። ስፖርቱን አዲስ የጀመረ ተመልካች ግራ የሚጋባውም በዚያው ቀን ነው፤ ዘጠኝ ጨዋታ ያሸነፈው ቡድን ወደማይታወቅ ከተማ ሲላክ፣ ሰባት ብቻ ያሸነፈው ፍሎሪዳ ሲጋበዝ ይመለከታል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ያስረዳሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ ፉትቦል ሲባልም የአሜሪካው ማለት ነው።

ኮንፈረንስ ምንድን ነው? ቦውልስ?

ኮንፈረንስ የዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር ነው። አባሎቹ እርስ በርስ የሚጫወቱበትን መርሐ ግብር ያወጣል፣ የቴሌቪዥን መብታቸውን በአንድነት ይሸጣል፣ ገቢውንም ያከፋፍላቸዋል። ዛሬ ጉልበትም ገንዘብም ያላቸው አራቱ ኤስኢሲ፣ ቢግ ቴን፣ ቢግ 12 እና ኤሲሲ ናቸው። ከእነሱ በታች እንደ አሜሪካን፣ ማውንቴን ዌስት፣ ሰን ቤልት፣ ሚድ-አሜሪካን እና ኮንፈረንስ ዩኤስኤ ያሉት ይሰለፋሉ።

ቦውል ደግሞ መደበኛው ውድድር ካለቀ በኋላ በአንድ ከተማ የሚዘጋጅ፣ ሁለት ቡድኖች ተጋብዘው የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነው። ጥንታዊው ሮዝ ቦውል ነው፤ በ1902 በካሊፎርኒያዋ ፓሳዲና ከተማ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ሚሺጋን ስታንፎርድን 49 ለ 0 ረትቷል። ከ1916 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ይካሄዳል። በ1935 ማያሚ ኦሬንጅ ቦውልን፣ ኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውልን፣ ኤል ፓሶ ሰን ቦውልን ጀመሩ። ከተሞቹ ሞቃታማ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሐሳቡ ከመነሻው በክረምት ብርድ የተማረረውን ሰው ወደ ሆቴሎቻቸው መሳብ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን የምርጫ አሠራር በሙሉ ለመረዳት ይህን መነሻ መያዝ ይበቃል።

ምርጫውን ለምን ኤንሲኤኤ አያካሂድም?

የአሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ የስፖርት ማኅበር የሆነው ኤንሲኤኤ በቅርጫት ኳስ የብሔራዊ ሻምፒዮናውን ውድድር ራሱ ያዘጋጃል፤ በከፍተኛው የፉትቦል እርከን ግን እስከ ዛሬ ሻምፒዮና አዘጋጅቶ አያውቅም። ቦውሎቹ የተመሠረቱት በየከተማው ነጋዴዎችና ማኅበራት ስለሆነ፣ የኤንሲኤኤ ድርሻ ለጨዋታው ፈቃድ መስጠትና የትኛው ቡድን ለመጋበዝ ብቁ እንደሆነ መደንገግ ብቻ ነው። የቀረው፣ ማለትም ማን ከማን ጋር፣ የት እና በስንት ገንዘብ የሚለው፣ በኮንፈረንሶቹ፣ በቦውል አዘጋጆቹና በቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ መካከል በሚፈረም ውል ይወሰናል። የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያው ኢኤስፒኤን የጨዋታዎቹ አስተላላፊ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቹ ቦውሎች ባለቤትም ጭምር ነው፤ ስለዚህ በዲሴምበር አጋማሽ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ግማሹ ባዶ በሆነ ስታዲየም የሚደረግ ጨዋታ ሲያዩ፣ ጨዋታው የተዘጋጀው ቤቱ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው መሆኑን ይገንዘቡ።

አንድ ቡድን ቦውል ለመግባት ስንት ጨዋታ ማሸነፍ አለበት?

ከ12 ጨዋታዎች ቢያንስ 6። ከእነዚህ ድሎች መካከል ዝቅ ካለው እርከን ቡድን ላይ የተገኘ አንድ ድል ብቻ ሊቆጠር ይችላል። ይሁንና ቦውሎቹ ወደ 40 የሚጠጉ ስለሆኑ ብቁ ቡድን የሚያንስበት ዓመት አለ። በዚያን ጊዜ 5 አሸንፈው 7 ከተሸነፉት መካከል በተጫዋቾቻቸው የትምህርት ውጤት የተሻሉት ይጠራሉ። በ2015 ኔብራስካ፣ ሚኔሶታና ሳን ሆሴ ስቴት በዚህ መንገድ ገብተው ሦስቱም ጨዋታቸውን አሸንፈዋል። ከዚያ የባሰ ታሪክም አለ፤ በ2011 ዩሲኤልኤ 6 አሸንፎና 6 ተሸንፎ ወደ ምዕራብ ጠረፉ ኮንፈረንስ፣ ወደ ፓክ-12፣ ሻምፒዮና ጨዋታ ገባ፤ ምድቡን ያሸነፈው ዩኤስሲ በቅጣት ላይ ስለነበር ነው። ሻምፒዮናውን በኦሬጎን 49 ለ 31 ሲሸነፍ ውጤቱ 6 ድልና 7 ሽንፈት ሆነ፤ ከኤንሲኤኤ ልዩ ፈቃድ አግኝቶ ቦውል ተጫወተ፣ እዚያም ተሸነፈ።

ኮንፈረንስና ቦውል የሚዋዋሉት ምን ብለው ነው?

በአጭሩ ኮንፈረንሱ «በየዓመቱ ከአባሎቼ አንዱን እልክልሃለሁ» ይላል፤ ቦውሉም «ይህን ያህል እከፍልሃለሁ፣ በዚህ ተራ ላይም እመርጣለሁ» ይላል። ከእነዚህ ውሎች ረጅም ዕድሜ ያለው በሮዝ ቦውል፣ በቢግ ቴንና በምዕራብ ጠረፉ ኮንፈረንስ መካከል በ1946 የተፈረመው ነው። በዚያ ውል መሠረት በጃንዋሪ 1947 ኢሊኖይ ዩሲኤልኤን 45 ለ 14 አሸንፏል፤ ግንኙነቱም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዘልቋል።

ተራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። መጀመሪያ ብሔራዊ ሻምፒዮኑ ለሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ለፕሌይኦፉ፣ የሚገቡት ይወጣሉ። ቀጥሎ በውሉ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ቦውል ከቀሩት መካከል ይመርጣል፤ ለኤስኢሲና ለቢግ ቴን በኦርላንዶ የሚደረገው ሲትረስ ቦውል ይህን የመጀመሪያ ተራ ይዞ ቆይቷል። ከእሱ በታች ያሉት እንደየደረጃቸው ይከተላሉ። በድሮው አሠራር ሦስተኛ መራጭ፣ አራተኛ መራጭ እየተባለ በቁጥር ይሰለፉ ነበር። ከ2014 ወዲህ ግን ብዙ ኮንፈረንሶች ወደ ቡድናዊ አመዳደብ ተሸጋግረዋል። ለምሳሌ ኤስኢሲ እኩል ደረጃ የሰጣቸው ስድስት ቦውሎች አሉት፤ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ዩኒቨርሲቲዎቹንና ቦውሎቹን አነጋግሮ የሚመድበው የኮንፈረንሱ ጽሕፈት ቤት ራሱ ነው። ይህ አሠራር አንድ ቡድን በተከታታይ ዓመታት ወደዚያው ከተማ እንዳይላክ፣ በሰፕቴምበር የተገናኙ ሁለት ቡድኖችም በዲሴምበር እንደገና እንዳይፋጠጡ ለመከላከል ይረዳል። ይህ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ ሆኖም ውሳኔው ይበልጥ በዝግ በር የሚደረግ መሆኑ አይካድም።

ኖትር ዳም በፉትቦል የየትኛውም ኮንፈረንስ አባል አይደለም፤ ለቦውል ምርጫ ግን ከኤሲሲ ጋር ተስማምቶ ከዚያ ኮንፈረንስ የቦውል ድርሻ ይካፈላል። ከአባላቱ መካከል በዚህ የሚያጉረመርሙ አይጠፉም።

የተሻለ ውጤት ያለው ቡድን ለምን ዝቅ ወዳለ ቦውል ይላካል?

ቦውሉ የሚጋብዘው ቡድኑን ብቻ ሳይሆን ደጋፊውንም ጭምር ስለሆነ ነው። በመኪና ሊመጣ የሚችል፣ አራት ሌሊት ሆቴል ይዞ የሚያድር፣ ስሙም ቴሌቪዥን የሚያስከፍት ቡድን ከአንድ ተጨማሪ ድል ይበልጥበታል። ኮንፈረንሶቹ ይህ ልጓም እንዳያጣ ገደብ ያበጁለታል፤ የተለመደው ገደብ፣ ቦውሉ አንድ ድል የሚያንሰውን ቡድን ማስቀደም ይችላል፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚያንሰውን ግን ከበላዩ ያለውን ዘሎ መምረጥ አይችልም የሚል ነው።

ለዩኒቨርሲቲውም ግብዣው ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። በውሉ የተመደበለትን ቲኬት ካልሸጠ ራሱ ይከፍላል። በጃንዋሪ 2011 ኮኔቲከት የቢግ ኢስት ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆኖ ፊስታ ቦውል ሲጫወት፣ ደጋፊዎቹ ከአገሪቱ አንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር፣ እስከ አሪዞና ድረስ ለመጓዝ ስላልፈለጉ 17,500 ቲኬቶችን የመሸጥ ግዴታው በዩኒቨርሲቲው ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ከጉዞው የወጣውም ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ከስሮ ነበር። በሜዳውም ኦክላሆማ 48 ለ 20 አሸነፈው። ከዚያ ወዲህ ኮንፈረንሶች የቲኬቱን ሸክም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ አንሥተው በጋራ መሸከም የጀመሩት በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው።

ኮንፈረንስ ተወካዩን በድምፅ የመረጠበት ጊዜ አለ?

አለ፤ ቂሙም እስከ ዛሬ አልበረደም። በኖቬምበር 1973 ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴት፣ ሁለቱም ሳይሸነፉ፣ በአን አርበር ተገናኝተው 10 ለ 10 አቻ ተለያዩ። የቢግ ቴን መሪነትን በእኩል ነጥብ ያዙ። በዚያን ጊዜ ቢግ ቴን ለአባሎቹ የሚፈቅደው ሮዝ ቦውልን ብቻ ነበር፤ የቀረው ቡድን፣ ሳይሸነፍም ቢሆን፣ ቤቱ ይቀራል ማለት ነው። ኦሃዮ ስቴት ባለፈው ዓመት ፓሳዲና ሄዶ ስለነበር ብዙ ሰው ተራው የሚሺጋን ነው ብሎ ገምቷል። ነገር ግን የአሥሩ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ዳይሬክተሮች ድምፅ ሰጥተው 6 ለ 4 ኦሃዮ ስቴትን መረጡ። የሚሺጋኑ ዋና ኳስ አቀባይ ዴኒስ ፍራንክሊን በጨዋታው በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው አጥንት መሰበሩ ለውሳኔው እንደ ምክንያት ተነሥቷል፤ አሰልጣኙ ቦ ሼምቤክለር ግን ውሳኔውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተቀበለውም። ኦሃዮ ስቴት ዩኤስሲን 42 ለ 21 አሸንፎ የመራጮቹን ፊት አድኗል፤ ሚሺጋን 10 አሸንፎ፣ አንድ አቻ ወጥቶ፣ ያለ ቦውል ዓመቱን ጨረሰ። ከ1975 ጀምሮ ቢግ ቴን አባሎቹ ወደ ሌሎች ቦውሎችም እንዲሄዱ ፈቀደ። ዛሬ እኩል ነጥብ ያላቸውን ቡድኖች የሚለዩት አስቀድመው የተጻፉ መስፈርቶች የሆኑት በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ ጣጣ ለመዳን ነው።

የጽሑፍ መስፈርትም ቢሆን እንባ አያደርቅም። በ2008 በቢግ 12 ደቡብ ምድብ ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና ቴክሳስ ቴክ እኩል ጨረሱ፤ አንዱ ሌላውን አሸንፎ ስለነበር እርስ በርስ በተደረገው ጨዋታ መለየት አልተቻለም። መስፈርቱ ወደ ብሔራዊው ደረጃ ሰንጠረዥ መራ፤ በዚያም ኦክላሆማ በለጠ። ቴክሳስ በሜዳ ላይ ኦክላሆማን 45 ለ 35 አሸንፎ ሳለ፣ ለሻምፒዮናው ወደ ካንሳስ ሲቲ የሄደው ኦክላሆማ ሆነ፤ ሚዙሪንም 62 ለ 21 ረታ።

ሁለት የአንድ ኮንፈረንስ ቡድኖች ቦውል ላይ ሊገናኙ ይችላሉ?

በደንቡ አይደረግም፤ በ2024 ግን ሆኗል። ፓክ-12 ሲበተን አብዛኞቹ አባሎቹ ወደ ቢግ ቴን፣ ቢግ 12 እና ኤሲሲ ሄዱ፤ ኮንፈረንሱ የፈረማቸው የቦውል ውሎች ግን ገና ጊዜያቸው አላለቀም ነበር። ስለዚህ ለ2024 እና ለ2025 የሄዱት ዩኒቨርሲቲዎች ለቦውል ምርጫ ብቻ እንደ ቀድሞው ፓክ-12 እንዲቆጠሩ ተወሰነ። በሳን አንቶኒዮ በተደረገው የ2024 አላሞ ቦውል ብሪገም ያንግ በቢግ 12 ስም፣ ኮሎራዶ ደግሞ በፓክ-12 ስም ቀረቡ፤ ሁለቱም በዚያ ዓመት የቢግ 12 አባላት ነበሩ። ብሪገም ያንግ 36 ለ 14 አሸነፈ። በመደበኛው ውድድር ስላልተገናኙ ጨዋታው ድግግሞሽ አልሆነም፤ እንግዳ ነገር መሆኑ ግን አልቀረም።

ፕሌይኦፉ በቦውል ምርጫ ላይ ምን ለወጠ?

ብዙ ነገር። ከ2014 እስከ 2023 አራት ቡድኖች፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ 12 ቡድኖች በአንድ መራጭ ኮሚቴ ይመረጣሉ። በ2024 እና በ2025 ከ12ቱ አምስቱ በኮሚቴው ደረጃ ከፍ ያሉት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ነበሩ፤ ሰባቱ ደግሞ ከቀሩት በደረጃቸው ገቡ። የመጀመሪያው ዙር የሚደረገው የተሻለ ደረጃ ባለው ቡድን የራሱ ሜዳ ነው፤ ሩብ ፍጻሜውና ግማሽ ፍጻሜው ደግሞ በስድስቱ ታላላቅ ቦውሎች፣ ማለትም በሮዝ፣ ሹገር፣ ኦሬንጅ፣ ኮተን፣ ፊስታና ፒች መካከል ይከፋፈላል። በዚህ ምክንያት ቀድሞ ለሹገር ወይም ለኦሬንጅ ቦውል የሚላከው የኮንፈረንስ ቡድን አሁን በውል አይመደብም፤ ቦታውን የሚወስነው የኮሚቴው ሰንጠረዥ ነው። ኮንፈረንሶቹ በራሳቸው ውል የሚያከፋፍሉት ከዚያ በታች ያለውን ነው።

የመራጭ ኮሚቴ መኖር ክርክሩን አላቆመውም። በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ጨዋታ አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ፣ የኤሲሲ ሻምፒዮን ሆኖ ሳለ ከአራቱ ውጭ ተደረገ፤ ዋና ኳስ አቀባዩ ተጎድቶ ስለነበር ነው። ተጫዋቾቹ ብዙዎቹ በሌሉበት በኦሬንጅ ቦውል በጆርጂያ 63 ለ 3 ተሸነፈ። በ2025 ደግሞ ዱክ የኤሲሲን ሻምፒዮና አሸንፎ ፕሌይኦፉ ውስጥ አልገባም፤ ከአሜሪካንና ከሰን ቤልት የመጡት ቱሌንና ጄምስ ማዲሰን በደረጃ ስለበለጡት ነው። በኤሲሲ ሻምፒዮና ጨዋታ ያልተገኘው ማያሚ ግን ገባ። የኮንፈረንስ ዋንጫና የፕሌይኦፍ ቦታ አንድ ነገር አለመሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

የኮንፈረንስ ሻምፒዮና ጨዋታ የተጀመረው እንዴት ነው?

ኤስኢሲ አርካንሶንና ደቡብ ካሮላይናን ጨምሮ አባላቱን 12 ሲያደርስ፣ ኮሚሽነሩ ሮይ ክሬመር በኤንሲኤኤ ደንብ ውስጥ ለትንንሽ ኮንፈረንሶች ታስቦ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ላይ ዓይናቸው አረፈ፤ 12 አባላት ያሉትና በሁለት ምድብ የተከፈለ ኮንፈረንስ ተጨማሪ የሻምፒዮና ጨዋታ ማድረግ ይችላል የሚል ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ በ1992 በበርሚንግሃም ሊጅን ፊልድ ተደርጎ አላባማ ፍሎሪዳን 28 ለ 21 አሸነፈ። ብዙ አሰልጣኞች ተጨማሪው ጨዋታ ብሔራዊ ዋንጫን ያሳጣናል ብለው ፈርተው ነበር፤ አላባማ ግን በዚያው ዓመት ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ።

ደንቡ በ2016 ላልቶ ከ12 በታች አባላት ላሏቸውም ተፈቀደ። ይህ የሆነው ቢግ 12 በ2014 የደረሰበትን ካየ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት አሥር አባላት ብቻ ስለነበሩት የሻምፒዮና ጨዋታ አልነበረውም፤ ቴክሳስ ክርስቲያንና ቤይለር በእኩልነት ሻምፒዮን ተባሉ፣ ሁለቱም ከፕሌይኦፉ ቀሩ። ኦሃዮ ስቴት በቢግ ቴን ሻምፒዮና ዊስኮንሲንን 59 ለ 0 ደምስሶ የመጨረሻዋን ቦታ ወሰደ፤ ብሔራዊ ሻምፒዮንም ሆነ። በ2022 ደግሞ የምድብ ግዴታው ተነሣ፤ አሁን አብዛኞቹ ኮንፈረንሶች ያለ ምድብ ከላይ ያሉትን ሁለት ቡድኖች ያጋጥማሉ።

የሻምፒዮናው ቦታ የሚመረጠው በምንድን ነው?

ሁለት መንገዶች አሉ፤ ገለልተኛ ሜዳ፣ ወይም የተሻለ ውጤት ያለው ቡድን የራሱ ሜዳ። ምርጫው ኮንፈረንሱ ይበልጥ የሚፈራው ምን እንደሆነ ያሳያል፤ ባዶ ወንበርን ወይስ አድልዎን።

ኤስኢሲ ከበርሚንግሃም በኋላ በ1994 ወደ አትላንታ ሄደ፤ እስከ 2016 በጆርጂያ ዶም፣ ከ2017 ጀምሮ በመርሴዲስ-ቤንዝ ስታዲየም ይጫወታል። ጣሪያ ያለው ሜዳ፣ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያና ከስታዲየሙ በእግር የሚደረስባቸው ሆቴሎች ስላሉት ሌላ ከተማ ሊያስለቅቀው አልቻለም። አትላንታ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ካለባት የአቴንስ ከተማ ከ120 ኪሎ ሜትር የማይርቅ በመሆኑ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ ነው ማለት ግን ይከብዳል። ቢግ ቴን በ2011 ኔብራስካ ሲገባ የጀመረውን ጨዋታ በኢንዲያናፖሊስ ሉካስ ኦይል ስታዲየም አቆየው፤ ቺካጎ ትልቅ ከተማ ብትሆንም በዲሴምበር ጣሪያ በሌለው ሶልጀር ፊልድ መጫወት ማለት በረዶና ንፋስ ማለት ነው።

ቢግ 12 መጀመሪያ ላይ ቦታውን ያዘዋውር ነበር። ከ1996 እስከ 2010 ድረስ ሴንት ሉዊስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ካንሳስ ሲቲ፣ ኧርቪንግ፣ ሂውስተንና አርሊንግተን ተፈራርቀው አስተናግደዋል። ሐሳቡ የሰሜኑንም የደቡቡንም አባላት ለማስደሰት ነበር። በ2017 ጨዋታው ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመለስ ግን በአርሊንግተን ረጋ። መዘዋወር ለፍትሕ ጥሩ ቢመስልም፣ ደጋፊ አስቀድሞ የጉዞ ዕቅድ እንዲያወጣና ከተማውም በዓሉን የራሱ እንዲያደርገው አይረዳም፤ በዚህ ረገድ አንድ ቦታ መርጋቱ ትክክል ነበር እንላለን።

የፓክ-12 ታሪክ የሁለቱንም መንገድ ችግር ያሳያል። ከ2011 እስከ 2013 በተሻለው ቡድን ሜዳ ተጫወተ፤ ድባቡ ጥሩ ነበር፣ ነገር ግን አስተናጋጁ የሚታወቀው ከጨዋታው ጥቂት ቀናት በፊት ስለሆነ ለስፖንሰርና ለሆቴል አልመቸም። ከ2014 እስከ 2019 ወደ ሳንታ ክላራ ሊቫይስ ስታዲየም ተዛወረ፤ እዚያ ደግሞ ዓርብ ማታ በሲሊከን ቫሊ የመኪና መጨናነቅ መሐል ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። በ2021 ላስ ቬጋስ ሲገባ ነው የተሻለ መልስ ያገኘው፤ ሰው ለጨዋታው ባይመጣ ለከተማው ይመጣል። ሆኖም ኮንፈረንሱ ከሦስት ጨዋታ በኋላ ተበተነ።

አነስተኛ አቅም ያላቸው ኮንፈረንሶች፣ አሜሪካንን፣ ማውንቴን ዌስትን፣ ሰን ቤልትንና ኮንፈረንስ ዩኤስኤን ጨምሮ፣ በተሻለው ቡድን ሜዳ መጫወትን መርጠዋል። በሳምንት ውስጥ 60 ሺህ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ማጓጓዝ እንደማይችሉ ያውቃሉ። ሚድ-አሜሪካን ብቻ ከ2004 ጀምሮ ዲትሮይት ፎርድ ፊልድ ላይ ይጫወታል፤ አብዛኞቹ አባሎቹ በሚሺጋንና በኦሃዮ ስለሆኑ ጉዞው በመኪና ይቻላል።

ኮንፈረንሶች ራሳቸው ቦውል ፈጥረው ከተማ መርጠው ያውቃሉ?

በ2012 ኤስኢሲና ቢግ 12 ሻምፒዮኖቻቸውን የሚያገናኝ የራሳቸው ቦውል ለመጀመር ተስማምተው ከተሞችን በጨረታ አወዳደሩ። ኒው ኦርሊንስ አሸነፈች፤ ጨዋታውም ከሹገር ቦውል ጋር ተዋሃደ። ቀድሞ ቡድን ለማግኘት ቦውሎቹ ነበሩ ኮንፈረንሶችን የሚለምኑት፤ ያን ዓመት ሥልጣኑ ወደ ማን እንደዞረ በግልጽ ታየ።

ቦታ በድንገት የተቀየረበት ጊዜ አለ?

አለ። የፐርል ሀርበር ጥቃት ከደረሰ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የ1942 ሮዝ ቦውል ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ርቆ በሰሜን ካሮላይናዋ ደርሃም ተደረገ። የ2021ዱ በኮቪድ ገደብ ምክንያት ወደ አርሊንግተን ሄደ። በካትሪና አውሎ ነፋስ የኒው ኦርሊንስ ስታዲየም ስለተጎዳ የ2006 ሹገር ቦውል አትላንታ ላይ ተካሄደ። ከሁሉም በላይ አነጋጋሪው የኤሲሲ ውሳኔ ነው። ይህ ኮንፈረንስ ከጃክሰንቪልና ከታምፓ በኋላ በ2010 ቻርለት ገብቶ ነበር፤ የሰሜን ካሮላይና ምክር ቤት በ2016 ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የሚገድብ ሕግ ሲያወጣ፣ የኮንፈረንሱ ፕሬዚዳንቶች ጨዋታውን ወደ ኦርላንዶ አዛወሩት። ሕጉ ከተሻረ በኋላ በ2017 ወደ ቻርለት ተመለሰ። የኤሲሲ ዋና መሥሪያ ቤት ራሱ በዚያን ጊዜ በሰሜን ካሮላይና ነበር።

ገንዘቡ የማን ነው?

ቦውሉ የሚከፍለው ለኮንፈረንሱ ነው፤ ለተጫወተው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ አይደለም። ኮንፈረንሱ ለተጓዡ ቡድን ወጪ ከቆረጠ በኋላ የቀረውን እንደየውስጥ ደንቡ ለአባሎቹ ያከፋፍላል፤ ቤቱ የቀረው ቡድንም ይደርሰዋል። ከ2014 ጀምሮ ኢኤስፒኤን ለሮዝ ቦውል መብት ብቻ በዓመት 80 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተዋውሎ ነበር።

ቡድን ግብዣውን እምቢ ማለት ይችላል?

ይችላል፤ ኮንፈረንሱ ግን ውል ስለፈረመ ዝም አይልም። በ2025 አይዋ ስቴትና ካንሳስ ስቴት አሰልጣኞቻቸው ተቀይረው ቦውል አንጫወትም ሲሉ ቢግ 12 እያንዳንዳቸውን 500,000 ዶላር ቀጣቸው። በዚያው ዓመት ኖትር ዳም ከፕሌይኦፉ ሲቀር ቦውል እንደማይጫወት አስታውቋል፤ እሱን በፉትቦል የሚቀጣ ኮንፈረንስ የለበትም። የተጫዋቾች ነገር ሌላ ነው። በ2016 ክርስቲያን መካፍሪና ሌናርድ ፎርኔት ለፕሮፌሽናል ሕይወታቸው ጉዳት ፈርተው ቦውል ሳይጫወቱ ቀሩ፤ ያን ጊዜ ብዙ ወቀሳ ደርሶባቸዋል፤ ዛሬ ግን ከፕሌይኦፍ ውጭ ባለ ቦውል የማይሰለፍ ኮከብ ማየት የተለመደ ነው።

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአቅራቢያው የትኛውን ማየት ይችላል?

ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች ብዙዎቹ አስተናጋጆች ናቸው። አትላንታ የኤስኢሲን ሻምፒዮናና ፒች ቦውልን፣ የዳላስ አካባቢ በአርሊንግተን የቢግ 12ን ሻምፒዮናና ኮተን ቦውልን ያስተናግዳሉ። ሎስ አንጀለስ ለሚኖር ሮዝ ቦውል ቅርብ ነው። ለዋሽንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪ ደግሞ ከገና ማግሥት ባሉት ቀናት በአናፖሊስ የሚደረገው ሚሊተሪ ቦውል አለ። ታላላቆቹ ጨዋታዎች ውድ ናቸው፤ አነስተኛ ቦውሎች ግን ቡድኖቹ ከታወቁ በኋላ፣ በተለይም ሁለቱም ከሩቅ የመጡ ከሆነ፣ የቲኬታቸው ዋጋ ጨዋታው ሲቃረብ እየወረደ ይሄዳል።